ሰው ጠፋ ይላሉ፣ ሰው ያሰናብታሉ

ጥያቄውን አንድ የኢንተርኔት መወያያ ላይ የለጠፍኩት እሁድ ማታ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ነው። ነገሩ እንዲህ ነበር።

አሜሪካ ውስጥ አንድ ትልቅ ኩባንያ 19 ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ሲስተም ማስተዳደር ነው፤ ሰርቨር፣ ዳታቤዝ፣ ሌሊት የሚጮህ ስልክ። በ54 ዓመቴ ተቀነስኩ። የስንብቱ የቪዲዮ ጥሪ 11 ደቂቃ ፈጀ። አብረውኝ ከወጡት አብዛኞቹ እኩዮቼ ናቸው። ዘጠኝ ሳምንት እንኳ ሳይሞላ የኩባንያው ዋና ኃላፊ አንድ ጉባኤ ላይ ተቀምጦ፣ ትልቁ ራስ ምታታችን የሠለጠነ ሰው ማጣት ነው ሲል ሰማሁት። ቪዲዮውን ሁለቴ አየሁት። በዚያው ሳምንት የሥራ ማስታወቂያ አወጡ። ዝርዝሩን ማንበብ ስጀምር የማውቀው ነገር መሰለኝ። ለካ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከዓመታት በፊት ለአለቃዬ አዘጋጅቼ የሰጠሁት የሥራ መግለጫ ነው። አንዱ ቃል ላይ ሳላውቅ የደገምኩት ፊደል ሳይቀር እንዳለ ተቀምጧል።

ስለዚህ ጠየቅኩ። እውነት ሰው ጠፍቷል? ጠፍቶ ከሆነ እኛን ለምን አስወጡን? ካልጠፋ ደግሞ ይሄ ወሬ ለማን ተብሎ ነው የሚወራው?

ሠላሳ ምናምን መልስ መጣ። አንዳንዱ ወርቅ ነው፣ አንዳንዱ ስድብ ነው፣ አንዳንዱ ስለ ፀጉር ቀለም ነው። እንደ አመጣጡ በቁጥር ልንገራችሁ።

ቁጥር 1 አጽናኝ ነው። አይዞህ፣ ለበጎ ነው ብሎ ሄደ። ተመልሶም አልመጣ። እንዲህ ያለ ሰው ሁልጊዜ የመጀመሪያው ሆኖ ይደርሳል፤ እግዜር ይስጠው።

ክሩን፣ የመልሶቹን ሰንሰለት ማለቴ ነው፣ መስመር ያስያዘው ቁጥር 2 ነው። የኢኮኖሚክስ ሰው ይመስላል። ጥያቄዬ ራሱ ጎደሎ እንደሆነ በትሕትና ነገረኝ። እጥረት የሚባል ነገር ብቻውን አይቆምም፣ በስንት ዋጋ የሚለው አብሮት ካልተነገረ ትርጉም የለውም አለ። ማንኛውም ዕቃ ሲጠፋ ዋጋው ይወጣል። ሰው ጠፋብኝ የሚል ኩባንያ ደመወዝ ጨምሮ፣ የሚጠይቀውን መስፈርት ቀንሶ፣ አሠልጥኜ እቀጥራለሁ ብሎ፣ ያም ሆኖ ወንበሩ ባዶ ከቀረ ያኔ እውነትም ሰው የለም። አንዱንም ሳይሞክር የሚጮህ ከሆነ ግን የሚለው ሌላ ነው፤ ባሰብኩት ዋጋ፣ ባሰብኩት ቀን አላገኘሁም ማለቱ ነው። የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ፒተር ካፔሊ ይህን ነገር ደጋግሞ እንደሚያነሳው ጠቀሰልን። ቀጣሪዎች ሰው የሚፈልጉት የልብስ ማጠቢያ ማሽን መለዋወጫ እንደሚፈልግ ሰው ነው፤ ከተሰበረው ጋር ልክክ የሚል፣ ገጥመው ቁልፉን ሲጫኑት ወዲያው የሚዞር። ካልተገኘ ዕቃው ገበያ ላይ የለም ይላሉ። ሰው ግን ዕቃ አይደለም፤ ይማራል፣ ይለምዳል፣ ትንሽ ጊዜ ከሰጡት ይገጥማል።

ቁጥር 3 አረመኝ። ማስታወቂያውን ፈልጎ አንብቦታል፣ ከየት እንዳገኘው እንጃ። የእኔ ሥራ ብቻ አይደለም አለ። ከታች ሁለት አዳዲስ የክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት በኩል በኪራይ ሰርቨር የሚሠራባቸው፣ መሣሪያዎች ተጨምረዋል፣ በሁለቱም የአምስት አምስት ዓመት ልምድ ይጠይቃል። እኔ ያንን ሳልናገር ማለፌ ትክክል እንዳልሆነ በጨዋ ደንብ ነገረኝ። እውነቱን ነው። ሁለቱንም ነክቻቸው አላውቅም። መደበቄ ሳይሆን መናደዴ ነው ያስዘለለኝ። ግን ሌላም እውነት አለ። አንደኛውን መሣሪያ ከተቀነስኩ በኋላ ቁጭ ብዬ አየሁት፤ ስሙ ነው አዲስ እንጂ ውስጡ 15 ዓመት የሠራሁበት ነገር ነው። ይህን ስመልስለት በልብ ምልክት አለፈው።

ቁጥር 4 ላይ የገባችው ሴት ኤችአር፣ ቅጥርና ስንብት የሚይዘው የሰው ኃይል ክፍል፣ ውስጥ ስትሠራ የኖረች ናት። አሁን ጡረታ ወጥታለች፣ ስለዚህ አፏ ተፈቷል። የቅነሳ ዝርዝር እንዴት እንደሚሠራ ነገረችን። ማንም ሰው ሽማግሌዎቹን አውጡ ብሎ አይጽፍም፤ እንዲህ የሚጽፍ ሞኝ ብዙ አይገኝም። የሚመጣው ኤክሴል ነው። ስም አለ፣ የሥራ መደብ አለ፣ ደመወዝ አለ። ከላይ ይህን ያህል ሚሊዮን ዶላር ቀንሱ የሚል ትእዛዝ ይመጣል። አለቃው ደመወዝ የሚለውን ረድፍ ከትልቅ ወደ ትንሽ ይደረድረዋል። ከላይ ማን ይመጣል? ሃያ ዓመት የሠራው፣ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየተጨመረለት እዚህ የደረሰው። አምስት ወጣት ከማስወጣት ሦስት አንጋፋ ማስወጣት ይቀላል፤ ወረቀቱም ያንሳል። ዕድሜ የሚል ቃል የትም ቦታ አልተነሳም። ከክፍሉ ሲወጡ ሁሉም ሰው ንጹሕ ነው።

ቀጥላ ለእኔ አንድ ጥያቄ አቀረበች። የስንብቱን ፖስታ እስከ መጨረሻው ገጽ አንብበኸዋል ወይ አለች። በ1990 የወጣ የአሜሪካ ሕግ አለ፤ ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎችን በቡድን ሲቀንሱና በምላሹ አልከስም ብለው እንዲፈርሙ ሲጠይቁ፣ ኩባንያው የማሰቢያ 45 ቀን መስጠት አለበት። ከፈረሙ በኋላም ሐሳብ ለመቀየር 7 ቀን አላቸው። ከዚህም ጋር አንድ ዝርዝር ይያያዛል፤ የተቀነሱትና የቀሩት የሥራ መደብና ዕድሜ። ስም የለውም።

አላነበብኩትም ነበር። ተነሥቼ ፖስታውን ከመሳቢያ አወጣሁት። የመጨረሻዎቹ ሁለት ገጾች ላይ አለ። ሠንጠረዥ ነው፤ በግራ መደቡ፣ ከዚያ ዕድሜ፣ ከዚያ የተመረጠ፣ ያልተመረጠ። እርሳስ ይዤ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥኩ። በእኛ መደብ ከተመረጡት ሥር 58፣ 61፣ 54፣ 57 ይላል። ካልተመረጡት ሥር 29፣ 33፣ 31፣ 36፣ 52። አንዷን 54 ብዙ አየኋት። እኔ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቁጥር ብቻ ሆኖ ሲታይ እንዲህ ነው። ያቺ 52 ማን እንደሆነችም አውቄያለሁ፤ ደስ ብሎኛል፣ ሁለት ልጆች ዩኒቨርሲቲ አላት።

ቁጥር 5 ሕግ የሚያውቅ ሰው ነው፣ ደረቅ ነው። በዕድሜ ምክንያት ማዳላትን የሚከለክለው ሕግ በ1967 እንደወጣ፣ 40 ዓመት የሞላውን እንደሚጠብቅ፣ 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውን ቀጣሪ እንደሚመለከት ጻፈ። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሰብን። የቁጥር 4 ኤክሴል በሕግ ፊት ብዙ ጊዜ ያመልጣል አለ። በ1993 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የአንድ የወረቀት ፋብሪካ ጉዳይ ወስኗል። ሰውየው 62 ዓመቱ ነው፤ የጡረታ መብቱ ሊረጋገጥለት ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ተባረረ። ፍርድ ቤቱ የአገልግሎት ዘመንና ዕድሜ የተለያዩ ነገሮች ናቸው አለ። ጡረታ ላለመክፈል ማባረር በሌላ ሕግ ያስጠይቃል፣ ግን ብቻውን የዕድሜ አድልዎ አያሰኝም። በ2009 ደግሞ በ5 ለ4 ድምፅ ሸክሙን አከበደው፤ ከሳሹ ዕድሜ አንዱ ምክንያት ነበር ብሎ ማሳየት አይበቃውም፣ ዕድሜዬ ባይሆን ኖሮ ይህ አይደርስብኝም ነበር ብሎ ማስረዳት አለበት።

ቁጥር 6 ሥራ ፈላጊስ አይጠበቅም ወይ ብሎ ጠየቀ። ቁጥር 7 ያው የሕጉ ሰው ነው። በ2014 የ58 ዓመት ጠበቃ የነበረ ሰው ከ3 እስከ 7 ዓመት ልምድ፣ ከ7 ያልበለጠ የሚል ማስታወቂያ አይቶ አመለከተ። አልጠሩትም። ከሰሰ። ቺካጎ ያለው የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2019 ፈረደበት። ሆን ተብሎ ሳይሆን በመስፈርቱ የተነሳ አንጋፋዎች ሲጎዱ፣ የሕጉ ያ ክፍል የሚጠብቀው ሠራተኛን እንጂ አመልካችን አይደለም ተባለ። እንግዲህ ከ7 ያልበለጠ የሚለውን አስቡት። ልምድ ሲበዛ ጉድለት የሚሆንበት ዓለም ላይ ነን።

ቁጥር 8 ስለ አይቢኤም፣ ስለ አንጋፋው የኮምፒዩተር ኩባንያ፣ አመጣ። ፕሮፐብሊካ የተባለው የምርመራ ዜና ድርጅት በ2018 ባወጣው ምርመራ፣ ኩባንያው በአምስት ዓመት ውስጥ 40 እና ከዚያ በላይ የሆናቸው ወደ 20,000 የሚጠጉ አሜሪካውያን ሠራተኞችን እንዳስወጣ ገምቷል፤ ይህም እዚያው አሜሪካ ካደረገው ቅነሳ 60 በመቶ ገደማ ነው። በ2020 የፌዴራሉ የሥራ ዕድል እኩልነት ኮሚሽን አድልዎ ተፈጽሟል ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት አለ አለ። በ2022 ይፋ በሆነ የፍርድ ቤት ሰነድ ላይ አንጋፋ ሠራተኞችን የዳይኖሰር ግልገሎች የሚል የኃላፊዎች ኢሜይል ተገኘ። ኩባንያው አድልዎ አልፈጸምኩም ብሎ ይከራከራል። ቁጥር 8 ይህን ሁሉ ካለ በኋላ ቁጥር 4ን ወጋ አደረጋት፤ እንዲህ የሚጽፍ ሞኝ ብዙ አይገኝም ብለሻል፣ ይኸው ተገኘ። ሴትየዋ ሳቀች።

ቁጥር 9 ከቴክኖሎጂ አወጣን። ሰርኪት ሲቲ የሚባል የኤሌክትሮኒክስ መደብር ነበር። በመጋቢት 2007 ወደ 3,400 የሚሆኑ የሽያጭ ሠራተኞቹን አሰናበተ። ጥፋታቸው ከገበያው በላይ ይከፈላቸዋል መባሉ ነው። በእነሱ ቦታ ርካሽ ሰው ይቀጠራል ተባለ። እነሱም ከፈለጉ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመልሰው በትንሹ ደመወዝ ማመልከት ይችላሉ። በቀጣዩ ዓመት ኅዳር ኩባንያው ኪሣራ አወጀ፣ በ2009 መደብሮቹ ሁሉ ተዘጉ። ቁጥር 10 ወዲያው ደረሰበትና ነገር አታጋን አለው። 2008 የፋይናንስ ቀውስ ነው፣ ከላይ ደግሞ ጠንካራ ተፎካካሪ ነበር፤ ሻጮቹ ባይባረሩም ላይተርፍ ይችል ነበር። ልክ ነው። ቁጥር 9ም ተቀበለው። ግን ቴሌቪዥን ሊገዛ የመጣ ሰው የሚጠይቀው ሰው ሲያጣ ለምን እዚያ ይቆማል የምትል ጥያቄውን ጥሎ ሄደ።

ቁጥር 11 ከሁሉ ይበልጥ የተመቸኝ ምሳሌ ነው፣ ስለ አብራሪዎች። በ2020 በረራ ሲቆም የአሜሪካ አየር መንገዶች በሺዎች የሚቆጠሩ አንጋፋ አብራሪዎችን ገንዘብ ከፍለው በጊዜ ጡረታ አስወጡ። መንገደኛው ቶሎ ተመለሰ። በ2022 በረራ እየቀነሱ፣ አብራሪ ጠፋ ማለት ጀመሩ። ጠፋ? የት ሄዶ? ሸኝታችሁት! የመሸኛ ኬኩን ማን ቆረሰው? ይሄኛው ጨዋታ የእኔ ነው፣ የቁጥር 11 አይደለም። እሱ እንዲያውም ጠንቃቃ ነው፤ አብራሪ ማሠልጠን ዓመታት ስለሚወስድ፣ በሕግም 65 ላይ ስለሚያቆሙ፣ እጥረቱ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም ብሎ ጨርሷል።

እዚህ ላይ ክሩ ተበላሸ። ቁጥር 12 ፀጉርህን ተቀባ አለኝ። ከቁጥር 13 እስከ 17 ያለው ሁሉ የዚህ ተከታይ ነው። የትኛው ቀለም ይሻላል፣ ጺም መተው ይሻላል ወይስ መላጨት፣ ሲቪ ላይ የተመረቁበትን ዓመት መጻፍ ያስፈልጋል ወይ፣ በካሜራ ኢንተርቪው መብራቱ ከየት በኩል ይሁን። አንዱ የኢሜይል አድራሻዬን ዓይነት ጠየቀኝ። ነገርኩት። እሱ ብቻውን ዕድሜህን ይናገራል አለኝ። በዚህ ሁሉ መሀል ቁጥር 16 አንድ ቁም ነገር ጣል አድርጋለች። ኢኮኖሚስቱ ዴቪድ ኒውማርክና ባልደረቦቹ ከ40,000 በላይ የፈጠራ ማመልከቻዎችን ለእውነተኛ ማስታወቂያዎች ልከው ነበር፤ በዕድሜ ብቻ የሚለያዩ ሲቪዎች። አንጋፋዎቹ፣ በተለይ ሴቶቹ፣ የሚደወልላቸው ከወጣቶቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ከሥሯ ያለው መልስ ተመልሶ ስለ ሒና ነው። እኔ በበኩሌ ቀለሙን ትቼዋለሁ። የምረቃ ዓመቴን ግን ያን ሌሊት ከሲቪው ሰርዣለሁ። ኢሜይሉንም ቀይሬያለሁ።

ቁጥር 18 ሲመጣ ሁሉም ነቃ። 27 ዓመቱ ነው፣ ቁጡ ነው፣ እና አብዛኛው ነገሩ እውነት ነው። የእናንተ ትውልድ ማልቀስ ይወዳል አለ። አለቆቹ ሁሉ በእኛ ዕድሜ ያሉ ናቸው፤ አዲስ ነገር ባመጣ ቁጥር ይሄ እዚህ አይሠራም ይሉታል፤ የይለፍ ቃል በወረቀት ጽፈው ስክሪን ላይ የሚለጥፉ ሰዎች ከእሱ እጥፍ ይከፈላቸዋል። ማንም አላሠለጠነኝም፣ በራሴ ሌሊት ነው የተማርኩት አለ። ቀጥሎ ያለው ግን ልቤን ነካው። ለጀማሪ ተብሎ የሚወጣ ማስታወቂያ ሦስት ዓመት ልምድ ይጠይቃል። ከመቶ በላይ ማመልከቻ ልኳል። እናንተ ልምድ በዛ ትባላላችሁ፣ እኛ ልምድ አነሰ እንባላለን፣ ያው ኩባንያ ግን ሰው ጠፋ ይላል። ይህን ሲጽፍ በእኛ ላይ እየተቆጣ ነው። የእኛኑ ክርክር እንዳጠናከረልን ያስተዋለ አይመስልም።

ቁጥር 19ም አላስተዋለም። ጡት ሳትጥል ብሎ ጀመረው። የሰርቨር ክፍል ወለል ላይ ስንተኛ አንተ የት ነበርክ፣ አሁን ዝም ብለህ የምትጫነውን ነገር የሠራነው እኛ ነን፣ አክብሮት የሚባል ነገር ከቤትህ አልተማርክም። ሁለት ሰዎች አጨበጨቡለት። አፈርኩ። ቁጥር 20 ልጁ ነው፤ አጭር ናት፣ ታምማለች። የሠራችሁትን እየጠገንኩ ነው የማድረው አለ። ቁጥር 21 ፌስቡክን የፈጠረው ማርክ ዙከርበርግ በ2007፣ የ22 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ወጣቶች ይበልጥ ብልህ ናቸው ብሎ በአደባባይ እንደተናገረ አስታወሰ። ዛሬ እሱም 40ን አልፏል፤ ያ የ1967 ሕግ አሁን እሱንም ይጠብቀዋል። ሳቅ ሆነና ትንሽ በረደ።

ቁጥር 22 አዲስ እሳት ጫረ። ችግሩ ሌላ ሳይሆን ኤች ዋን ቢ ቪዛ፣ ኩባንያዎች የሠለጠነ የውጭ አገር ሰው የሚቀጥሩበት ቪዛ፣ ነው አለ። በ1990 በወጣው ሕግ የመጣ ነው፤ አሁን በዓመት 65,000፣ በተጨማሪ አሜሪካ ውስጥ ማስተርስና ከዚያ በላይ ለተማሩ 20,000። ሰው ጠፋ የሚለው ጩኸት ሁሉ ይህን ቁጥር ለማሳደግ ነው አለ። ዲዝኒ ፍሎሪዳ ውስጥ 250 ገደማ የቴክኖሎጂ ሠራተኞቹን ሲያሰናብት፣ አንዳንዶቹ በዚህ ቪዛ ለመጡት ተተኪዎቻቸው ሥራውን አሳይተው እንዲሄዱ እንደተደረጉ በ2015 መዘገቡን ጠቀሰ። ማይክሮሶፍትንም አነሳ። በ2012 ሰው ጠፍቷል፣ ለተጨማሪ 20,000 ቪዛ ለእያንዳንዱ 10,000 ዶላር ይከፈልና ገንዘቡ ለትምህርት ይዋል ብሎ ሐሳብ አቀረበ። በሐምሌ 2014 ደግሞ 18,000 ሰው እንደሚቀንስ አስታወቀ። ቁጥር 23 እዚህ ላይ አረመው፤ ከ18,000ው 12,500ው ያኔ ከተገዛው የኖኪያ ስልክ ክፍል ጋር የተያያዘ ነው፣ ስልክ ፋብሪካ ላይ የሠራ ሰውና ሶፍትዌር ኢንጂነር አንድ አይደሉም። ጥሩ እርማት ነው። የቀረው 5,500 ግን ትንሽ ቁጥር አይደለም።

ቁጥር 24 ራሱ በዚያ ቪዛ ያለ ሰው ነው። ተከፍቶ ነው የጻፈው። እኔ ማንንም አላስወጣሁም አለ። ማን እንደሚወጣ የወሰነው እኔን የቀጠረው ሰው ነው። ደመወዜን የወሰነውም እሱ ነው። ነገ እኔንም ቢቀንሰኝ አዲስ ቀጣሪ ለማግኘት 60 ቀን ብቻ ነው ያለኝ፣ ካለዚያ ዕቃዬን ጠቅልዬ መሄድ ነው። ለዚህ ነው ትርፍ ሰዓት ሥራ ሲሉኝ እምቢ የማልለው፣ ለዚህም ነው የሚወዱኝ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አታድርጉ ብሎ ዘጋ። ቁጥር 22 አልመለሰም። እኔም ልመልስ ጀምሬ ሦስቴ ደምስሼዋለሁ። እዚህ ክር ላይ ካለነው ስንቱ ነው በሰው አገር ወረቀት ጠብቆ ያላደረ?

ቁጥር 25 የኤችአሯ ሴትዮ ተመልሳ መጣች። እስካሁን የመጀመሪያውን ጥያቄዬን በትክክል የመለሰልኝ ሰው እንደሌለ አስታወሰች፣ ወሬው ለማን ነው የሚወራው የሚለውን። ኃላፊው አልዋሸም አለች። ሁለት ጆሮ ነው ያለው ከፊቱ። ሰው ጠፋ የሚለው ለመንግሥትና ለዩኒቨርሲቲ ነው፤ ቪዛ ጨምሩ፣ ማሠልጠኛውን በእናንተ ወጪ አድርጉት ማለት ነው። ሰው ቀነስን የሚለው ለባለ አክሲዮን ነው፤ ወጪ ወርዷል፣ አክሲዮኑን ያዙት ማለት ነው። ሁለቱን ንግግር የሚጽፉለት ሁለት የተለያዩ ክፍሎች ናቸው፤ ፎቃቸውም የተለያየ ነው። እሷ በመሀል ፎቅ ሆና ሁለቱንም ወረቀት በአንድ ሳምንት ያየችበት ጊዜ አለ። ማንም ጎን ለጎን አስቀምጦ አያነባቸውም፤ የተሰናበተው ሰው ካልሆነ በቀር።

እኔ እዚህ ላይ ክሩን ልዘጋው አስቤ ነበር። የፈለግኩትን አግኝቻለሁ። ደግነቱ አልዘጋሁትም፤ ቁጥር 26 ጋሼ መጡ።

68 ዓመታቸው ነው። ኮቦል ነው ሥራቸው፤ በ1959 የተወለደ የኮምፒዩተር ቋንቋ፣ እሳቸው ሕፃን ሳሉ ማለት ነው። በሚያዝያ 2020 የኒው ጀርሲ ገዥ ኮቦል የሚያውቅ ሰው ይርዳን ብለው በአደባባይ መጠየቃቸውን አስታወሱን። የሥራ አጥ ክፍያ ሲስተሙ በአርባ ዓመት ዕድሜው ድንገት ጎርፍ መጥቶበት ነበር። ጋሼ ግን የራሳቸውን ነው ያጫወቱን። በ60 ዓመታቸው ከአንድ ድርጅት በቅነሳ ወጡ። በ62 ዓመታቸው ስልክ ተደወለ። በየወሩ መጨረሻ ሌሊት የሚሠራ አንድ ፕሮግራም አለ፤ አንድ ወጣት ኮዱን ሲያጸዳ ምንም የማትሠራ የምትመስል መስመር አየና አጠፋት። መስመሯ አጠገብ አትንኩ የሚል ማስታወሻ ነበር። የጻፉት እሳቸው ናቸው። ለምን እንደማትነካ ግን አልጻፉም። ለምን መጻፍ ያስፈልጋል? እሳቸው አሉ አይደል! የወሩ መጨረሻ መጣ፣ ፕሮግራሙ የካቲት 28 ይሁን 29 ግራ ገባው፣ ሒሳቡ ሁሉ በአንድ ቀን ተዛባ። እሳቸው በኮንትራት ተመለሱ፤ በሰዓት የሚከፈላቸው ከድሮው እጥፍ። ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። ሦስተኛውን ቀን ለምን እንደሆነ ሲጽፉ ዋሉ፣ 14 ገጽ። ጥፋቱ የልጁ አይደለም፣ የእኔ ነው አሉ። ቁልፉን በጭንቅላቴ ይዤው ወጣሁ፤ ሲያሰናብቱኝም የጠየቀኝ የለም።

ቁጥር 27 ያ ቁጡ ልጅ ነው። እርስዎ እያለ ጻፈ። እሱ የሚጠግነው ሲስተም ውስጥም አትንኩ የሚሉ ማስታወሻዎች እንዳሉ፣ የጻፏቸው ሰዎች ግን የትም እንዳልተገኙ ነገራቸው። አንዱን ቢያዩለት ጠየቀ። ቁጥር 28 ጋሼ ላከው አሉ። ቁጥር 29 እና 30 ሁለቱ ብቻ የሚግባቡበት ነገር ነው፤ ለእኔ እንኳ ግማሹ አልገባኝም። ቁጥር 31 መሀል ገብቶ ለወገብ ሕመም የሚሆን ወንበር የሚያውቅ አለ ወይ አለ። ሦስት ሰው መለሰለት።

ቁጥር 35 ለእኔ ነው። ለምን ለዚያ ማስታወቂያ አታመለክትም፣ ያንተው ጽሑፍ አይደል አለኝ። ለመሳለቅ ይሁን ለቁም ነገር አልለየሁትም። ግን ያን ሌሊት አመለከትኩ። አዲሱን ኢሜይል፣ ዓመት የሌለውን ሲቪ። ፎርሙ 19 ዓመት የሠራሁበትን ኩባንያ ስም ከዝርዝር ውስጥ ምረጥ አለኝ፤ መረጥኩት። ላክ የሚለውን ስጫን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ50 ነው። 8 ሰዓት ከ4 ላይ መልሱ ደረሰ። ለድርጅታችን ስላሳዩት ፍላጎት እናመሰግናለን፣ በዚህ ጊዜ ሌሎች አመልካቾችን ለመቀጠል ወስነናል፣ ማመልከቻዎን ለወደፊት እናስቀምጣለን። አሥራ አራት ደቂቃ። ሲያሰናብቱኝ 11 ፈጅቶባቸዋል፤ ትንሽ አስበውበታል ማለት ነው።

ይህን ቁጥር 36 አድርጌ ለጠፍኩት። እስከ ማግስቱ ማታ ዝም አለ። ከዚያ ልጁ መጣ፣ አንዲት መስመር። የተደገመችውን ፊደል ነግረሃቸዋል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አልነገርኳቸውም። አሁንም ማስታወቂያው ላይ አለች፤ ጠዋት አይቻታለሁ።